ውሃው ሞልቷል፤ ሰዓት ያዡ የት አለ?

በባሕር ማዶ መጻሕፍት ውስጥ «ሰመር» የሚለውን ቃል ያገኘ ተማሪ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ይቸገራል። «በጋ» ቢለው ፀሐዩንና ሙቀቱን ያገኛል፤ የትምህርት ቤቱን ዕረፍት ግን ያጣል። «ክረምት» ቢለው ዕረፍቱን ያገኛል፤ ፀሐዩን ግን ያጣል። ችግሩ የቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ መምህራን ትተንላቸው ባለፍን ነበር። ነገር ግን ልጁን ውሃ ዋና አስተምሮ ከእኩዮቹ ጋር ሊያወዳድር የተነሣ የአዳማ ወላጅ የሚገጥመው የመጀመሪያው ጣጣ ይኸው ነው። የሌላው አገር ልጅ የሚዋኘው ፀሐይ በጠነከረበት ወራት ነው፤ የእኛው ልጅ ጊዜ የሚያገኘው በሐምሌና በነሐሴ፥ ሰማዩ በጠቆረበት፥ አዋሽ በሞላበት፥ እናትም «ከውሃ ወጥተህ ነፋስ ላይ ስትቆም ምች ይመታሃል» በምትልበት ሰሞን ነው።

ደግነቱ ስምጥ ሸለቆ ደጋ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ካፖርት ያስለበሰው ብርድ ሞጆን አልፎ ቁልቁል ሲወረድ ይለዝባል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 600 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፥ ዝናቡ ባባራ ጊዜ ልጅ በከናቴራ ይውላል። ከእርስዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር የሚገኘው ሶደሬ ደግሞ ውሃው ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ሐምሌም ሆነ ጥር ለዋናተኛ አይቀዘቅዝም። በ2007 ዓ.ም. የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ የአዲስ አበባም ቤተሰብ ለዚህ ውሃ ጎረቤት ሆኗል።

ውሃውንማ ቢቆጥሩት ብዙ ነው። ቢሾፍቱ ብቻዋን ሆራን፥ ባቦጋያንና ኩሪፍቱን ይዛለች። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ከተገደበ ወዲህ ሜዳው ባሕር ሆኗል። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ ተከታትለው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ውሃ መኖሩና ልጅ የሚዋኝበት ውሃ መኖሩ ሁለት ነገር ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ስለ ሆኑ ከዳር ጥቂት እንደ ተራመዱ መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል። በዝዋይ ሐይቅና በወንጂ የሸንኮራ መስኖ ቦዮች ውስጥ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው የቢልሃርዝያ በሽታ ይገኛል። በአዋሽ ውስጥ አዞ አለ። ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነጻ ነው ተብሎ የሚታመን ቢሆንም፥ ውሃው ቡናማና ድፍርስ ስለ ሆነ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው አንድ ልጅ ቢሰጥም በቀላሉ አያየውም። በየከተማው ያሉት የሆቴል ገንዳዎችስ? ብዙዎቹ ለመዝናኛ የተሠሩ ናቸው፤ እንደ ባቄላ ፍሬ የተጠማዘዘ ገንዳ ውስጥ ስድስት ልጆችን ጎን ለጎን አሰልፎ ማስነሣት ደግሞ በጠመዝማዛ ዳገት ላይ የመቶ ሜትር ሩጫ እንደ ማድረግ ያለ ነው። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከሶደሬና እሱን ከመሰሉ ጥቂት ቀጥ ያሉ ገንዳዎች ላይ ያርፋል።

አንዳንድ አንባቢ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ የልጆች ጨዋታ ነውን?» ሳይል አይቀርም። ጨዋታ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ባወጣው ዘገባ፥ በ2021 በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች በውሃ ሰጥመው እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ይህ ጉዳይ የሚታሰብበት ቀን እንዲሆን የመረጠው ጁላይ 25ን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ይውላል። ክረምቱ ከሚበረታበት ሰሞን ጋር መግጠሙን ልብ ይሏል። በዚያን ጊዜ ለቤት ሥራ አሸዋና ድንጋይ ወጥቶበት ሳይደፈን የቀረው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ይይዛል፤ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅም ከሩቅ ሲያየው መዋኛ ይመስለዋል። ከእናቱ ተደብቆ የሚሄድ ልጅ መዋኘት ቢችል ኖሮ የሚተርፍበት ዕድል ብዙ ነው። መዋኘትን የሚማረው ደግሞ ጥቂት ጎበዝ ልጅ ብቻ ሳይሆን ሰነፉም ፈሪውም እንዲሆን ከተፈለገ፥ የሚጠበቅ ቀን ያስፈልጋል። የውድድር ቀን ያልተቆረጠለት ትምህርት በሦስተኛው ሳምንት ይበተናል። ልጅ የሚተጋው ለጤናው ብሎ አይደለም፤ ያቺን የጎረቤቱን ልጅ ለመቅደም ነው።

እንግዲህ ወላጆቹ ተሰብስበው፥ አሠልጣኝ ተገኝቶ፥ «በዚህ ቅዳሜ ልጆቻችንን እናወዳድር» ተባለ እንበል። ልጆቹ 60 ናቸው፤ ገንዳው በገመድ ተከፍሎ ስድስት መሥመር ወጥቶለታል። ስንት ትልቅ ሰው ያስፈልጋል? በሰው እጅ ሰዓት ሲያዝ፥ በእያንዳንዱ መሥመር ላይ ሦስት ሰዓት ያዦች ቢቆሙ ይመረጣል። ከሦስቱ ሁለቱ ከተስማሙ የሁለቱ ይወሰዳል፤ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው ይጸድቃል፤ ሰዓት ያዦቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ አማካዩ ይያዛል። ይህ የዓለም ደንብ ነው። ስድስት መሥመር በሦስት ሲባዛ 18 ሰው ሆነ። በዚህ ላይ ዋና ዳኛ፥ አስነሺ፥ የልጆቹን መታጠፍና አቀዛዘፍ የሚመለከቱ አራት ሰዎች፥ ሁለት መዝጋቢዎች፥ ስም ጠሪ፥ ሕፃናቱን በየተራቸው የሚያሰልፍ ትዕግሥተኛ ሰው፥ እንዲሁም ዓይናቸውን ከውሃው ላይ የማያነሡ ሁለት ነፍስ አዳኞች ሲጨመሩ 30 ደረሰ። ለሁለት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ማለት ነው!

ከዚህ ላይ ነው ብሶቱ የሚጀምረው። ከ60ዎቹ ልጆች ጋር የሚመጡት ወላጆች 40 ቢሆኑ፥ 35ቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። የቀሩት አምስቱ ሁሉን ይሠራሉ። ከአምስቱም ውስጥ ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው፤ አባቶቹ አስተያየት ይሰጣሉ። «አቶ እገሌ፥ እባክዎ አራተኛውን መሥመር ሰዓት ይያዙልን» ሲባል፥ አቶ እገሌ ድንገት የስልክ ጥሪ ይመጣባቸዋል። ሰዓት የለኝም የሚለው ምክንያት እንኳ ዛሬ አይሠራም፤ በየኪሳችን ያለው ስልክ እስከ መቶኛ ሰከንድ ይቆጥራል። የሚጎድለው ሰዓቱ ሳይሆን ቆሞ የሚይዘው ሰው ነው።

ቆሞ የያዘውም ቢሆን ዋጋውን አያገኝም። ሦስት ሰዓት ሙሉ በገንዳ ዳር ጫማው ረጥቦ፥ ራሱ ዞሮ፥ ውሃ የሚያቀርብለት ሳያገኝ ቆይቶ በመጨረሻ የሚሰማው ቃል «የኔ ልጅ ነው የቀደመችው፤ አይተናል!» የሚል ነው። ይህ ጸሐፊ በተማሪነቱ ዘመን ስሙን በማይጠራው አንድ ትምህርት ቤት የተደረገ ውድድር ተመልክቶ ነበር። ሰዓት ያዦቹ ሁለት ነበሩ፤ ከሁለቱ አንዱ ፊሽካው ሲነፋ ከጓደኛው ጋር ይጫወት ስለ ነበር ሰዓቱን ሳያስነሣ ቀረ። አሸናፊው ማን እንደ ሆነ የተቈረጠው በጩኸት ነበር። ብዙ ደጋፊ የነበረው ልጅ አሸነፈ፤ ሁለተኛ የተባለችው ልጅ ፎጣዋን ተከናንባ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ወደ ልምምድ አልመጣችም። ሰዓት መያዝ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ።

ወጣት ሹም የሆንክ አንባቢዬ ሆይ፥ አሁን ወደ አንተ ጠረጴዛ መምጣቴ ነው። ገንዳውን ለግማሽ ቀን ለመያዝ ደብዳቤ ይጠየቃል። ደብዳቤው ማኅተም እንዲኖረው ወላጆቹ በአንድ ማኅበር ወይም በአንድ ትምህርት ቤት ስም መጻፍ አለባቸው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ክረምት ስለ ሆነ ዝግ ነው፤ ርእሰ መምህሩ ለዕረፍት አገራቸው ገብተዋል። ደብዳቤው እንደ ምንም ተገኝቶ መዝገብ ቤት ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል፤ የሚመለከተው ክፍል ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። «ሰኞ ተመለሱ» ይባላል። ሰኞ ሲመለሱ «የሕክምና ባለሙያ እንደሚገኝ ማረጋገጫ አያይዙ» ይባላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። ነገር ግን ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ከሌሎቹ ጋር አብሮ ቢነገር ኖሮ አንድ ሳምንት በዳነ ነበር። ክረምት ስምንት ወይም ዘጠኝ ቅዳሜዎች ብቻ አሉት። ለመሥሪያ ቤት አንድ ሳምንት ምንም አይደለም፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ከዘመኑ አንድ ስምንተኛው ነው።

ቅዳሜዎቹም ሁሉ ነጻ አይደሉም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ትጾማለች፤ ይህች ጾም ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የልጆች ጾም ናት። የቆረበ ልጅ በዚያው ዕለት ውሃ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የማያውቅ አዘጋጅ ነሐሴ 8 አካባቢ ውድድር ቢቆርጥ፥ ከልጆቹ እኩሌታው ሲቀሩ ምክንያቱ አይገባውም፤ «ወላጆች ግዴለሾች ናቸው» ብሎ ይደመድማል። ዓርብ ቀትር ላይም ለሙስሊም ቤተሰቦች አይመችም። በአዳማና በአካባቢው ከተሞች ይህን ሁሉ አስማምቶ ቀን መምረጥ፥ ስም ጠሪውም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲጠራ ማድረግ፥ ከአንድ አሠልጣኝ አቅም በላይ የሆነ ሥራ ነው፤ የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ ወላጅ ይፈልጋል።

ልብሱንና ፀጉሩን ሳንረሳ እንለፍ። ሴት ልጆች በዋና ልብስ በሕዝብ ፊት መታየታቸው የማይዋጥላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ላይ መሳለቅ አይገባም። ረዘም ያለ የዋና ልብስ መኖሩ ከተነገራቸው የሚፈቅዱት ጥቂት አይሆኑም። ሌላዋ እናት ደግሞ ትናንት ገንዘብ ከፍላ ያሠራችው ሹሩባ በመድኃኒት ውሃ ሲበላሽ ማየት አትሻም፤ ፍርዱን ለእርስዋ እተዋለሁ።

መጓጓዣው ሌላ ፈተና ነው። ከአዳማ ወደ ሶደሬ ሚኒባስ ተከራይቶ 60 ልጆችን በአራት ምልልስ ማድረስ፥ ማን ገባ ማን ቀረ ብሎ መቁጠር፥ ስንቅ ማዘጋጀት፥ ያንንም ስንቅ ከሶደሬ ጦጣዎች መጠበቅ የወላጅ ድርሻ ነው። ስለ ጦጣዎቹ የምናገረው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ውድድሩ ሲጋጋል ሁሉም ሰው ወደ ገንዳው ይዞራል፤ ጦጣ ደግሞ ይህችን ደቂቃ ከማንኛውም ተመልካች ይልቅ ያውቃታል። ከቢሾፍቱ፥ ከባቱ ወይም ከሻሸመኔ ሌላ ቡድን ለመጋበዝ ሲታሰብ ነገሩ ይብሳል፤ ሌሊት ተነሥቶ መምጣትን ወይም ማደሪያ መፈለግን ያስከትላል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሐሳቡ በሐሳብነቱ ይቀራል።

የዕድሜ ክርክርም አለ። ልጆች የሚወዳደሩት በዕድሜ ተከፍለው ነው፤ 8 ዓመትና ከዚያ በታች፥ ከ9 እስከ 10፥ ከ11 እስከ 12 እየተባለ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ አንዱ የክትባት ካርድ፥ አንዱ የክርስትና ካርድ፥ አንዱ የእናቱን ቃል ይዞ ይቀርባል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክርክር ለአንባቢ አዲስ አይሆንም፤ «ይህ ልጅ 10 ዓመቱ ከሆነ እኔም 20 ነኝ» የሚል አባት የማይገኝበት የታዳጊዎች ጨዋታ ያለ አይመስለኝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዕድሜው የሚቆጠርበትን ቀን አንድ አድርጎ፥ ተቀባይነት ያላቸውን ወረቀቶች ዘርዝሮ፥ ከመመዝገቢያው ዕለት በፊት ማስታወቅ ነው። በውድድሩ ጧት ከሆነ ግን ጠብ ነው።

ይህ ሁሉ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስለን፥ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ያለውን እንመልከት። በሰሜን ቨርጂኒያ የሰፈር ክበቦች የሚወዳደሩበት የልጆች ውሃ ዋና ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956፥ ከወንዙ ማዶ በሞንጎመሪ አውራጃ ያለው ደግሞ በ1958 ተቋቁመዋል፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ። ውድድሩ የሚደረገው ቅዳሜ ጧት ነው። በአንድ ጧት ከ40 በላይ ግጥሚያ ይደረጋል፤ የየልጁ ግጥሚያና መሥመር እንዳይረሳ ክንዱ ላይ በቀለም ይጻፍለታል። የልጅ ልጃቸውን ለማየት ከኢትዮጵያ የሄዱ አያት እንዲህ ካለው ውድድር ቢጋበዙ፥ ጎሕ ሲቀድ ተቀስቅሰው፥ በታጣፊ ወንበር ላይ አራት ሰዓት ተቀምጠው፥ ልጁን የሚያዩት ለ25 ሰከንድ ነው። ያውም በውሃ ውስጥ ሁሉም ቆብ አድርጎ ስለሚመሳሰል ሌላ ልጅ ሲያበረታቱ ሊቆዩ ይችላሉ። የዚያ አገርም ወላጆች እንደኛው ያማርራሉ፤ ስለ ሙቀቱ፥ ስለ ርዝመቱ፥ ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ስለሚሠሩ።

ልዩነቱ ያለው ከአንድ ነገር ላይ ነው። በዚያ ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ ራሱንም ያስመዘግባል። ሰዓት ያዡ፥ መዝጋቢው፥ አሰላፊው የተጋጣሚዎቹ ልጆች ወላጆች ናቸው፤ በአንዱ መሥመርም ላይ የሁለቱም ቡድን ሰዎች አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። የእኔ ሰዓት 21፥ የአንተ ሰዓት 24 ቢል መካከል ላይ ሦስተኛ ሰው አለ። የአቀዛዘፍ ዳኞቹም ቢሆኑ ትምህርት ተሰጥቷቸው ዳኛ የሆኑ እናቶችና አባቶች ናቸው። በዚህ ዓይነት ሲሆን ወላጅ ተመልካች መሆኑ ይቀርና ባለ ሥልጣን ይሆናል፤ ባለ ሥልጣን የሆነ ሰው ደግሞ እንደ ተመልካች አይጮህም።

ይህን ስናስብ ሮቤል ኪሮስ ሀብቴን ማስታወስ ግድ ይሆንብናል። በሪዮ ኦሊምፒክ መክፈቻ ሰንደቅ ዓላማችንን የያዘው ይህ ወጣት፥ ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ ርቀቱን በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 መቶኛ ሰከንድ ፈጽሞ ከ59 ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ሆነ። የወርቅ ሜዳሊያውን ያገኘው አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ በፍጻሜው 47 ሰከንድ ከ58 ነበር የዋኘው። የዓለም ጋዜጦች በሰውነቱ ላይ ተሳለቁ፤ ይህ ነውር ነበር። በአገር ቤት ግን የተነሣው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ አባቱ የውሃ ዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩና «ማን መረጠው?» ተባለ። ልጁ ሯጮች በሞሉበት አገር ዋናተኛ ለመሆን መፈለጉ በእኔ ዘንድ የሚያስመሰግነው ነው። ጥያቄው ግን ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚዘጋውም ሁሉም ሰው ሊያየው የሚችል የሰዓት መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው። በየከተማው በየክረምቱ፥ በሦስት ሰዓት ተይዞ፥ በሁለት መዝጋቢዎች ተጽፎ የሚቀመጥ የልጆች ውጤት ቢኖር ኖሮ ሮቤልን ማን እንደ መረጠው ማንም ባልጠየቀ ነበር፤ ወይ ቍጥሩ እርሱን ይመርጠው ነበር፥ ወይም ሌላውን።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜዎቹ እንመለስ። ከስምንቱ ወይም ከዘጠኙ ቢያንስ ሁለቱ በፍልሰታ ይወድቃሉ። የሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆች ካርድ ተቀብለው ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱበት ነው፤ የነሐሴ መጨረሻው ለአዲሱ ዓመት ምዝገባና ለደብተር ግዢ ይውላል። የሚተርፉት አራት ወይም አምስት ናቸው። ውሃ የማያውቅ ልጅ 25 ሜትር ለመሻገር ጥቂት ሳምንታት ስለሚያስፈልገው፥ በአንድ ክረምት ውስጥ ከሁለት ውድድር በላይ ማሰብ አይቻልም፤ አንዱ በሐምሌ መጨረሻ፥ ሁለተኛው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለችው ቅዳሜ። ለእነዚህ ሁለት ቀናት የገንዳው ደብዳቤ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፥ ርእሰ መምህሩም ማኅተማቸውን ቆልፈው ሳይሄዱ፥ በግንቦት መጻፍ አለበት። ሠላሳውን ሰው መመዝገብም ከዚያው ጋር ነው፤ የእያንዳንዱ ልጅ ስም በተጻፈበት ወረቀት ላይ ከጎኑ «ሰዓት የሚይዝለት» የሚል አንድ ባዶ መሥመር ቢጨመር ይበቃል።